ማክሰኞ የምትባለው ሸረሪት

ደልመር ሸረሪት ይፈራ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰውዬ፣ የዛገ ብሎን በባዶ እጁ የሚፈታ። የምስር ፍሬ የምታህል ሸረሪት ሲያይ ግን ፊቱ ኖራ ይመስላል። ሌላ ሥራ ቢኖረው ስቀን እንረሳው ነበር። ደልመር ግን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በኛ በምዕራብ ቴክሳስ ቆጣሪ የሚቀበረው መሬት ውስጥ፣ በብረት ክዳን ሥር ነው። ክዳኑ ሥር ጨለማና እርጥበት አለ፣ እዚያ ደግሞ የምትኖረው ጥቁሯ መበለት ናት፣ ያቺ ሆዷ ላይ ቀይ ምልክት ያላት መርዘኛ ሸረሪት። ለሱ ከዚህ የከፋ እንጀራ አልነበረም።

ኦራልያ እባላለሁ። በዳንሊ ከተማ ውሃ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የፈነዳ ቧንቧ የምጠግነው፣ ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ውሃውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ምላሷ አያርፍም ይሉኛል፣ ይበሉ። በደልመር ላይም ምላሴ አላረፈም፤ አልክድም። አንድ ቀን ምሳ ዕቃው ውስጥ የላስቲክ ሸረሪት ከተትኩበት። ሳንድዊቹን ጥሎ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲያስመልስ፣ እኔ ግድግዳ ይዤ ስስቅ ነበር።

“ከልጅነቴ ነው” አለኝ በማግስቱ፣ ሳልጠይቀው። “አውሎ ነፋስ መጣ ተብሎ አባቴ ምድር ቤቱ ውስጥ ከተተኝና ላሞቹን ሊያስገባ ሄደ። ሦስት ሰዓት ቆየ። ድሩ ፊቴ ላይ ነበር፣ ኦራልያ። ልጮህ አፌን ስከፍት አፌ ውስጥ ይገባል።”

“እና? በሉህ?”

“አልበሉኝም።”

“ታዲያስ?”

“ታዲያማ ምንም” አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እኔም የቀልዴ ነገር ደስ ብሎኝ ሳቅሁ።

ቆጣሪው ላይ፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች። ቤት ውስጥ ቧንቧ ከተከፈተ ትዞራለች። ከኛ በፊት የነበሩት አንባቢዎች የተዉልን አንድ ልማድ አለ፣ የትም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊትና ሽማግሌ ቤት ስትደርስ፣ ቁጥሩን ከጻፍክ በኋላ ትንሽ ቆመህ ኮከቧን ታያለህ። እየዞረች አልቆም ካለችህ ሄደህ ታንኳኳለህ። “ውሃ ተከፍቶ ቀርቶ እንዳይሆን ብዬ ነው” ትላለህ፣ ሰዎቹም ለምን እንደመጣህ እያወቁ የማያውቁ ይመስላሉ። ከደልመር በፊት የነበረው አንባቢ አንድ ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ያገኛቸው እንዲህ አንኳኩቶ ነው። ሰውዬው ዛሬም ቡና ቤቱ ውስጥ ዶሚኖ እየተጫወቱ ያጭበረብራሉ።

ግን ኮከቧን ለማየት ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። ደልመር ግማሹን ቆጣሪ ከመኪናው ወንበር ላይ ነበር የሚያነበው። ያለፉትን ወራት ያይና፣ ለዚህ ወር ይህን ያህል ይሆናል ብሎ ገምቶ ይጽፋል። በሥራችን ሰነፍ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ደልመር ሰነፍ አልነበረም፣ ይፈራ ነበር እንጂ፤ ይህን ደግሞ ከኔ በቀር ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሚስ አይቫ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ባልቴት ነበሩ፣ ከተማው ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ያልተነሣ ጋዜጣ በር ላይ ተከምሮ አየችና ፖሊስ ጠራች። ኩሽና ወለል ላይ በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ቧንቧው እንደተከፈተ ነበር። ሐኪሙ ሐሙስ ገደማ ነው ነፍሳቸው የወጣችው አለ። መቼ እንደወደቁ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ፖሊሱ ደልመርን ጠራው።

“ማክሰኞ እዚያ ነበርክ አይደል? ቆጣሪው እንዴት ነበር?”

“እንደ ሁልጊዜው” አለ ደልመር።

ስለዚህ ማክሰኞ ደህና ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የወደቁት ተባለ። እንደዚያ ሆኖ ተጻፈ።

የዚያኑ ቀን ውሃውን ልዘጋ ሄድኩ። ክዳኑን ስከፍት ጉድጓዱን ድር ሞልቶታል፣ ቁጥሩ እንኳን አይታይም። ክዳን በማነሣበት ሜንጦዬ ጠረግሁትና አየሁት። ከዚያ የደልመርን ደብተር ገለጥኩ። ቧንቧ ክፍቱን ሲውል ሲያድር ስንት ውሃ እንደሚፈስ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከማክሰኞ ወዲህ አይፈስም። ወደ ኋላ ስቆጥር እሑድ ላይ ደረስኩ። ሴትዮዋ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ወለል ላይ ነበሩ፣ ከራሳቸው በላይ ውሃው እየፈሰሰ፣ እጃቸው ሳይደርስበት። ደልመር ማክሰኞ ከበራቸው ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀብሩ ላይ ልጃቸው ግሌንዳ ደልመርን አንገቱን አቀፈችው። ከአማሪሎ ነው የመጣችው፣ ዓይኗ አብጧል።

“እሑድ ማታ ደውዬላት አላነሣችም ነበር” አለችው። “ቤተ ክርስቲያን እራት አለ፣ እዚያ ነች ብዬ ተውኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር። ፖሊሱ ግን ማክሰኞ ደህና እንደነበረች ነገረኝ። አንተ ነህ አሉ ያየኸው። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ደልመር።”

እሱ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ፒካፑ ጋ ያዝኩት።

“ጉድጓዱን አይቼዋለሁ። አልከፈትከውም።”

“ከፍቼው ነበር።”

“ሬሳ ሳይቀዘቅዝ አትዋሸኝ።”

“ከፍቼው ነበር እልሻለሁ። የሚስ አይቫ ሁሌ ንጹሕ ነው። ካለው ክዳን ሁሉ ሳልፈራ የምከፍተው የሳቸውን ብቻ ነበር፤ አንድም ቀን ድር አይቼበት አላውቅም። ያን ቀን ግን ሞልቶታል። ሸረሪቷ መሃሉ ላይ ተንጠልጥላለች። መልሼ ጣልኩትና መኪናው ውስጥ ገባሁ።”

“አላንኳኳህም?”

“ኮከቧን አላየኋትማ።”

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር፤ አልዋሽም። ዓይኑን ሳይ ግን የሚመታ ሰው አልነበረም። “ሥራውን ልልቀቅ?” አለኝ። ማን ሊይዘው፣ አልኩት። ሰው ስንፈልግ ስምንት ወር አላገኘንም።

“ስማኝ” አልኩት። “መንገድህ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሥራ አንድ አሮጊትና ሽማግሌ ቀርተዋል። ሰኔ ሳይገባ እያንዳንዱን ክዳን በእጅህ ካልከፈትክ፣ ለግሌንዳ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።”

“አሁኑኑ ለምን አትነግሪያትም?”

እንዴት ብዬ? ስታቅፈው አይቻታለሁ።

የሸረሪቷን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ሳምንት ቆይቶ ሉበክ ከተማ ድረስ ውሰጂኝ አለኝ፣ የቤት እንስሳ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን፤ ከመስታወት ሣጥኖቹ ሦስት ሜትር ርቆ ቆመ። ላብ በአገጩ ይወርዳል።

“ብዙ ዓመት የምትኖረው የትኛዋ ነች?” አላት ሻጯን።

“ታራንቱላ? ወንዱ ቶሎ ይሞታል። ሴቷ ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት ትኖራለች።”

“ሴቷን ስጪኝ።”

“ደልመር፣ ትዳርህ እንኳን ሃያ አምስት ዓመት አልቆየ” አልኩት። አልሳቀም። ያኔ ገባኝ፤ ሰውዬው የቤት እንስሳ እየገዛ አልነበረም፣ በራሱ ላይ እየፈረደ ነበር።

ሻጯ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ መዳፍ የምታህል አወጣች። “ንክሻዋ ከንብ አይበልጥም” አለች። “እንዳትጥላት ብቻ ተጠንቀቅ። ከጠረጴዛ ላይ እንኳን ብትወድቅ ሆዷ ይፈነዳል፣ ትሞታለች።”

ደልመር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። “መውደቅ ይገድላታል?”

“አዎ፣ ወዲያው።”

ገንዘቡን ቆጥሮ ከፈለ። ስንመለስ ሸረሪቷ ከኔ ጋር ከፊት ወንበር ላይ ነበረች፣ እሱ ከኋላ በፒካፑ ጭነት ላይ፣ በዚያ ንፋስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኩርምት ብሎ። ያየን ሰው ሁሉ እንደ እብድ ቆጠረን።

የመጀመሪያውን ወር ሣጥኑን ብርድ ልብስ አልብሶት ከረመ። ብርድ ልብሱን በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይገልጣል፣ ወንበሩን አንድ ጣት ያህል ያስጠጋል። ሚስቱ ከሄደች ስድስት ዓመቱ ስለሆነ የሚስቅበት ሰው የለም፤ ከኔ በቀር። እኔም መሳቁን ትቼ ነበር። ፌንጣ ሲሰጣት የብየዳ ጓንት አድርጎ፣ በረጅም መቆንጠጫ፣ ፊቱን አዙሮ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፌንጣው ሸሚዙ ላይ ዘሎበት ወንበር ሰብሯል።

“ስሟን ማን አልካት?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ማክሰኞ።”

ሁለተኛ ስለ ስሟ አላነሣሁበትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ወርሳዋለች።

በየካቲት አንድ እሑድ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። “ሞተች” ይላል ደልመር። “በጀርባዋ ወድቃለች። እግሮቿ ወደ ላይ ናቸው። ምን አደረግኋት?” እየነዳሁ ሱቁ ውስጥ ላለችው ልጅ ደወልኩ። አልሞተችም፣ ቆዳዋን እየቀየረች ነው አለችኝ። ሲቀይሩ በጀርባቸው ይተኛሉ፣ እንዳትነኳት፤ ብዙ ሰው ሞታለች ብሎ በሕይወቷ ይቀብራታል።

ስደርስ ደልመር ወለሉ ላይ፣ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱ የለም፣ ጓንቱ የለም። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ነው።

“በሕይወት አለች” አልኩት። “ልብሷን እየቀየረች ነው። ተዋት፣ ተነሥ፣ እህል ቅመስ።”

“አልሄድም።”

“ሰዓታት ይፈጃል አለች እኮ።”

“ይፍጅ። በጀርባዋ ወለል ላይ ተኝታ ብቻዋን አልተዋትም።”

ይህን ሲል አንጀቴን በላው። ሾርባ ሠርቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት፣ ቀዝቅዞ ቀረ። ሸረሪቷ እግሯን አንድ በአንድ ከአሮጌው ቆዳ ትስባለች፣ ትደክማለች፣ ታርፋለች። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጠብቃል። አመሻሹ ላይ ተገልብጣ በእግሯ ስትቆም ደልመር ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እኔም ደረቅ ነኝ ባይዋ፣ ኩሽና ገብቼ ሳህን አጠብኩ።

በሚያዝያ መዳፉ ላይ ወጣች። ጠርቶኝ ነበር፣ እንዳይጥላት ከሥር ትራስ እንድይዝ። እጁ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። ስምንቱም እግሮቿ መዳፉ ላይ ቆሙ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ።

“ክብደት እንኳን የላትም፣ ኦራልያ” አለኝ። “ምንም አትከብድም እኮ። ክዳኑን መልሼ የጣልኩት ለዚህች ነው?”

ፈርቶ ሳለ ቢያንስ ፍርሃቱ ነበረው፣ የሚያሳብብበት። ፍርሃቱ ሲሄድ የሠራው ነገር ባዶ ሜዳ ላይ ራቁቱን ቀረ። ከግንቦት ጀምሮ እያንዳንዱን ክዳን ከፈተ፤ መጀመሪያ በጓንት፣ ኋላ በባዶ እጁ፣ እኔ እንኳን “እብድ ነህ? የጥቁሯ መበለት ንክሻ ሆስፒታል ያስተኛል” እያልኩት። አሥራ አንዱ ሰዎች ጋ ሲደርስ ኮከቧን አጎንብሶ ያያል፣ ትንሽ ከዞረች ያንኳኳል። አንዷ አሮጊት “ይኼ ሰውዬ ሻወር በገባሁ ቁጥር በር ላይ ነው፣ ሌላ ሐሳብ አለው መሰለኝ” ብላ ቢሯችን ድረስ ደወለች። እሱ ግን ከሳ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ቃሌን ጠብቄ ለግሌንዳ አልነገርኩም፤ እሱም አልነገራት። ሆድ ይፍጀው ብለን ዓመት ሞላን።

ያ ዓመት ሙሉ የሚስ አይቫ ቤት ውሃ ዝግ ነበር። በጥቅምት ግሌንዳ ቤቱን አጽድታ ልትሸጠው መጣችና ውሃውን ክፈቱልኝ ብላ ደወለች። መክፈት የኔ ሥራ ነው። ደልመር ግን “አብሬሽ እሄዳለሁ” አለ፣ ሜንጦዬንም ከእጄ ወሰደው።

ግሌንዳ በረንዳው ላይ ቆማ ሰላም አለችን። ደልመር ተንበረከከ፣ ክዳኑን አነሣ። የዓመት ድር ነው፣ ተደራርቦ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል። ጥቁሯ መበለት ጥግ ላይ ነበረች። በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሣሩ ሸኛት፣ ድሩን በእጁ ጠረገ፣ ቁጥሩን አነበበልኝ፣ ጻፍኩ። ቫልቩን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ የተከፈተ ቧንቧ ስለሌለ ኮከቧ ጸጥ እንዳለች ነበረች።

ግሌንዳ ከበረንዳው ወርዳ አጠገባችን ደርሳ ኖሯል። ትስቃለች።

“አንተ! ሸረሪት ትፈራ የለም እንዴ?”

ደልመር ቀና አለ። “ማን ነገረሽ?”

“እማዬ ናታ። ከመስኮት ታይህ ነበር። ‘ያ ልጅ በየቤቱ ክዳን ላይ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ያሳዝነኛል’ ትለኝ ነበር።” የሃምሳ ሦስት ዓመቱን ሰውዬ ነው ልጅ ያሉት። “በየወሩ አንተ በምትመጣበት ዋዜማ፣ ሰኞ፣ መጥረጊያ ይዛ ወጥታ ትጠርግልህ ነበር። በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ። ‘እንዳትነግሪው፣ ወንድ ልጅ ያፍራል’ ትለኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ!”

ደልመር ሁለት እጁን ጉድጓዱ ዳር መሬቱ ላይ ተከለ። ካለው ክዳን ሁሉ ንጹሕ የነበረው ለምን የሳቸው ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባን፣ ለሁለታችንም አንድ ላይ። ድሩ ራሱ ነበር መልእክቱ። ያን ሰኞ የሚጠርግ ሰው አልነበረም።

“ያን ሰኞም ጠርጋልህ ነበር፣ አይደል?” አለች ግሌንዳ። ፈገግታዋ አልጠፋም፣ ግን ዓይኗ ፊቱ ላይ ተተክሏል። “ማክሰኞ ስትመጣ ንጹሕ ነበር?”

ዝም በል አልኩት በሆዴ። እነግራታለሁ እያልኩ ሳስፈራራው የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን አፉን በእጄ ልይዘው ነበር። ዋሽ፣ ደልመር። ንጹሕ ነበር በላት። ይህችን ሴት እንቅልፍ የሚያስተኛት ያ ያንተ የውሸት ቁጥር ነው።

“አልነበረም” አለ ደልመር። “ድር ነበር። ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት።”

ግሌንዳ አልጮኸችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ቀኖቹን ስትቆጥር። ሰኞን፣ እሑድን። እሑድ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠራ” አለች። “ቤተ ክርስቲያን ነች ብዬ…”

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ ደልመር። “ያንቺ አይደለም። የኔ ነው።”

የሰማችው አልመሰለኝም። ዞራ ቤት ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደልመር ተንበርክኮ እንደቀረ ነው። ክዳኑን እንመልስና እንሂድ ልለው ስል፣ ኮከቧ መዞር ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ በኃይል። ውስጥ ቧንቧ ከፍታለች፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማ። ሴት ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ትዘጋዋለች ብለን ጠበቅን። አልዘጋችውም።

“ተዋት” አልኩት። “አሁን ፊትህን ማየት አትፈልግም።”

ደልመር ኮከቧን አየ። ከዚያ ተነሣ፣ እጁ ላይ የቀረውን ድር ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ያን ሃያ እርምጃ ሄደና አንኳኳ። የከፈተለት የለም። ቆጣሪው መዞሩን ቀጠለ። ኮፍያውን አውልቆ በድጋሚ አንኳኳ።